የአጎቴ ኮምፓስ

ሶዶ መናኸሪያ ጀርባ ባለው የጋራዥ ሰፈር የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምናገረው ለመኩራት ነው። ከሻንቶም ሆነ ከተበላ ከተማ የሚመጡ ሹፌሮች መብራታቸው ሲጠፋ መጀመሪያ ወንዶቹ ጋ ይሄዳሉ፤ ሲቸግራቸው ደግሞ እኔ ጋ ይመጣሉ። እኔም ሆን ብዬ ትንሽ አስጠብቄ እሠራላቸዋለሁ።

አንድ የገበያ ቀን የእናቴ ወንድም ጋራዡ በር ላይ መጥቶ ቆመ። አጎቴ አባያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ይነዳ ነበር። ጀልባዋ የአንድ ፕሮጀክት ናት፤ ከተበላ ቁልቁል ከሚገኘው የሐይቁ ዳር እየተነሳች መንገድ ወደሌላቸው የማዶ መንደሮች ነርሶችንና ክትባት ታመላልሳለች። ጊዜው በዞኑ ቢሮዎች ኮምፒውተር ገና ጨርቅ ለብሶ የሚቀመጥበት ዘመን ነው።

ቁጭ በል ብለው እምቢ አለ። "ሥራ ልለቅ ነው" አለኝ በቋንቋችን። "ከጊፋታ በኋላ ሌላ ነጂ ይመጣል።" ጊፋታ የእኛ የዘመን መለወጫ ነው፤ ደርሶ ነበር።

ነገሩን ጎትቼ አወጣሁት። ጀልባዋ ላይ አዲስ ጂፒኤስ ተገጥሞላታል፤ ያለችበትን ቦታና የውኃውን ጥልቀት በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ጭጋግ ባለበት ጠዋት የማዶውን መውረጃ ይስታል። አንዴ ነርሷንም ክትባቱንም እንደያዘ ደንገል ውስጥ ገብቶ ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ስክሪኑ ወዲያ ሲለው የድሮው ኮምፓስ ወዲህ ይለዋል፤ እሱ ደግሞ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የሚያምነው ኮምፓሱን ነው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። "አባባ፣ ዓይንዎ ደክሟል፤ ይረፉ" አለው።

"እውነቱን ነው፣ አርጅቻለሁ" አለኝ አጎቴ። "የዝናብ ልብሴንም ለጎረቤቴ ሰጠሁት።"

ይሄኔ ተናደድኩ። ያን የዝናብ ልብስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከሐይቁ ሲመለስ እኛ ቤት በር ላይ የሚያንጠባጥብ ቢጫ ልብስ ነው። ደግሞም ይህ ሰው ገበያ መሀል እኔ ሳላየው ከሩቅ ለይቶኝ የሚጠራ ሰው ነው። ጥፋቱን ከእሱ ዓይን መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

"መሣሪያውን ማን ገጠመው?" አልኩት።

ስሙን ነገረኝ። የጋራዥ ሰፈራችን ሰው ነው፤ ከእኔ ጋር ከአንድ አለቃ ሥር ሙያ የተማረ። ቴስተሬን፣ ፒንሳዬንና የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮዬን ይዤ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተበላ ወረድኩ።

የመሣሪያውን ሽቦ ልይ ስለው ኃላፊው እኔንና አጎቴን በፕሮጀክቱ መኪና ወደ ሐይቁ አደረሰን። መንገዱን ሙሉ እኔ ስለ ጊፋታ በሬ ዋጋ ሳወራ አጎቴ በመስኮት ያያል። የአልሙኒየሟ ጀልባ እስከ ግማሹ ቀይ ውኃ ውስጥ በቆመ እንጨት ላይ ታስራለች። ገብቼ መሪው ሥር ተኛሁና ሽፋኑን ፈታሁ። ሽቦውን ሳይ ሳቄ መጣ። የጋራዣችንን እጅ ሐይቅ ላይ አገኘሁት።

በመኪና ሥራ ከባትሪ ወደ መብራት የሚሄደው ሽቦ አንድ ብቻ ነው። መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው፤ ይህን ማሳ እንለዋለን። አለቃችን ያስተማረን እንዲህ ነው፤ ሽቦ ይቆጥባል፣ ሚኒባስ ላይም እንከን የለውም። የሰፈራችን ልጅም ጀልባዋን እንደ ሚኒባስ ነው ያየው። የፊት መብራቱ አሮጌ ሽቦ በኮምፓሱ ጀርባ ያልፋል። ጀልባዋ ማታ ስለማትሄድ መብራቱ በርቶ አያውቅም፤ ሽቦው ለዘመናት ዝም ብሎ ነው የኖረው። ልጁ አዲሱን መሣሪያ ከዚህ ሽቦ ላይ ቀጥሎ፣ ኔጌቲቩን ከጀልባዋ አካል ጋር በብሎን አሰረው። እኔም ብሆን የማስረው እንደዚያ ነበር። ግን ከሽቦው ጎን ያለውን ኮምፓስ ሳይ የስምንተኛ ክፍል የፊዚክስ አስተማሪያችን ትዝ አለኝ። ጠረጴዛ ላይ ሽቦና ኮምፓስ አስቀምጦ ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ መርፌዋ ዞራ ነበር። ያን ቀን ክፍሉ ሁሉ ሲንጫጫ እኔ ዝም ብዬ ነው ያየሁት።

ኃላፊውን ወደ ጀልባዋ ጠራሁት። "ኮምፓሱን ብቻ ይዩ" አልኩት። "አጎቴ፣ ቁልፉን አዙር።"

መሣሪያው ከቁልፉ ጋር አብሮ ነው የሚበራው፤ ስለዚህ በጉዞ ላይ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ስክሪኑ በራ። የኮምፓሱ መርፌ ቀስ ብላ ወደ ጎን ሄደችና ቆመች።

"አጥፋው።"

ተመለሰች። ኃላፊው "እንደገና" አለ። ደግመን አሳየነው። ከዚያ አጎቴን ገፋ አድርጎ ራሱ አዞረው፣ ራሱ አጠፋው። አጎቴ መርፌዋን እያየ በመዳፉ አፉን ሸፈነ።

"እኔ አይደለሁም እንዴ?" አለ በመጨረሻ፣ በአማርኛ። "መርፌዋ ናት የዋሸችኝ?"

"እሷም አልዋሸችም። ሽቦው ነው የጎተታት" አልኩት።

ሽቦ ብቻውን ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት ይሆናል። ሂያጁና ተመላሹ ተጠማዘው አብረው ከሄዱ ግን አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። እናቴ ፈትል ስትደርብ እንደምታደርገው ሁለት አዲስ ሽቦ ጭኔ ላይ አጋምጄ፣ በራሱ ፊውዝ ቀጥታ ከባትሪው በሌላው ጎን አዙሬ አመጣሁት። አሮጌውን ሽቦ ነቀልኩት፤ ከማሳ የታሰረውንም ፈታሁ። ቀጥ ብዬ ስነሳ ጉልበቴና ቀሚሴ ዘይት ሆነዋል። አጎቴ ቁልፉን አዞረ። ስክሪኑ በራ፣ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። እዚያው ጮክ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። ሌላ ማን ያመሰግነኛል?

ኃላፊው ግን ጠንቃቃ ነው። ነፋሱ ሳይነሳ ማዶ ደርሰን እንድንመለስ ፈለገ። ስክሪኑ ላይ ጃኬቱን ጣል አደረገበትና "አባባ፣ በኮምፓሱ ብቻ ይንዱ" አለ። የማዶው ዳር በብናኝ ተሸፍኖ አይታይም ነበር። አጎቴ ከመነሳቱ በፊት ቆሞ ጸለየ፤ ጸሎቱ ከወትሮው አጠረ። መሀል ሐይቅ ላይ ስንደርስ ፈራሁ፤ ስለ ሽቦው አይደለም፣ እሱ ራሱን ማመን ትቶ እንደሆነ ብዬ ነው። እጁን አየሁት፤ መሪውን የያዘው ዘና ብሎ ነው። ዳሩ ከብናኙ ሲወጣ የመውረጃው ግራር ፊት ለፊታችን ቆሟል። ኃላፊው ጃኬቱን አነሳ፤ ስክሪኑም ያንኑ ቦታ ያሳያል።

"ከጊፋታ በኋላም እንደወትሮው በሰዓትዎ ይምጡ" አለው።

ስንመለስ አጎቴ መኪናውን መንደሩ መግቢያ ላይ አስቆመና ወደ ጎረቤቱ ቤት ሄደ። በእኛ ዘንድ የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። እንኳን ልብስ፣ የሰጡትን የቃሪያ ዳጣ እንኳ ሰው አይጠይቅም። ልከለክለው ተከትዬው ወረድኩ፤ አልደረስኩበትም።

በሩ ላይ ቆሞ "የዝናብ ልብሴን መልስልኝ፤ ነገ ሐይቅ እወርዳለሁ" አለው።

ሰውየው አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየና ገብቶ አመጣለት። አጎቴ ደመና የሌለበት ፀሐይ ላይ ቆሞ ለበሰው። ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ድረስ አንድ በአንድ ቆለፈና ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ።