ሚዜዎቹ የጨፈሩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ኒውላንድ ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት የደም ግፊት ኪኒኔን ልገዛ ቆሜ ሳለ፣ ከፊቴ የነበረ ሃያዎቹን ያጋመሰ ወጣት ወደ ሻጩ ጎንበስ አለ። "ሙሽራ ነኝ፤ ጠንከር ያለውን ስጠኝ" ሲለው ሰማሁ።

እኔም አንድ ጊዜ ሙሽራ ነበርኩ። የሃያ አራት ዓመት ሴት፣ ከመቲ ከተማ የወረድኩ፣ ምላሴ የማያርፍ። ባሌ አለሙ አልዌሮ ግድብ አጠገብ ካለው የሩዝ እርሻ ትራክተር ይነዳ ነበር። ጊዜው መጋቢት ነው፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። ሚዜዎቹ ከደጃችን የባሮን ዓሣ እየጠበሱ ብሥራት ይጠብቃሉ። በእኛ ወግ ሙሽሪት ድንግል መሆኗ ሳይነገር ሚዜ አይበተንም።

አለሙ ይወደኝ ነበር። ሳቅፈው ጆሮው ይግላል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ልቡ ይደልቃል። ከውጭ አንዱ ሲስል ግን ሁሉ ነገሩ ውኃ ይሆናል። ገላ በፍርሃት መካከል እንደማይነሣ ማን ይንገረን! ሁለት ሰው ነን፣ ጆሮው ግን የትየለሌ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ብርሃኑ መጣ። "በድግምት ታስሯል! ምቀኛ ነው ያሰረው" ብሎ ሥር የተዘፈዘፈበት አረቄና ከገበያ የገዛውን ኪኒን ሰጠው።

"ይቅርብህ አለሜ፤ እኔ እታገሣለሁ" አልኩት።

"ወንድ አይደለም ልባል?" አለና ኪኒኑን በአረቄው ዋጠው።

ገላው ታዘዘ። ታዘዘና አልመለስ አለ። ፍላጎቱ ጠፍቶ፣ እኔን ማየት አስጠልቶት፣ ደሙ ግን እንደገባ ቀረ። ቀትር ሲሆን አለሙ ትራሱን ነክሶ ያቃስታል። ውጭ ያሉት ማቃሰቱን ሰምተው "እሰይ!" ብለው ከበሮውን አቀለጡት። ወይ ጉድ! እሱ ሊሞት ነው፣ እነሱ ይጨፍራሉ።

"ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ከምታዋርጂኝ ልሙት!"

ሙሽራ ከጫጉላ አትወጣም። ፀሐይ ወደ ባሮ እስክታዘቀዝቅ ስለምነው ቆየሁ፤ ከንፈሩ አመድ ሲመስል ግን በሩን በረገድኩት። "ዝም በሉ! ወንድማችሁ እየሞተ ነው፤ ባጃጅ ጥሩ!" ጭፈራው ቀጥ አለ። ጋሼ ብርሃኑ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሐኪሙ የረጋውን ደም በመርፌ መጠጠለት። "ነፍሱ ተርፋለች። ሌላውን እንጃ፤ ዘግይታችኋል" አለን። ሌላው አልተመለሰም።

እስከዛሬ አብረን ነን፤ እጄን ይዞ ይተኛል። ልጅ ስላልወለድን ሰፈሩ መካን የሚለው እኔን ነው። ሚዜዎቹ እውነቱን እያወቁ አፋቸውን ዘጉ፤ እኔም ለአለሙ ስል ዘጋሁ። አንጀቴ ግን ያርራል።

ያን ወጣት ኪኒኑን ገዝቶ ሲወጣ ከመድኃኒት ቤቱ ደጅ ደርሼበት ክንዱን ያዝኩት።

"ልጄ፣ እኔን መካን ይሉኛል። አይደለሁም። ና፣ ቁጭ በልና ላጫውትህ።"

አፍሮ አቀረቀረ፤ ክንዱን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ።

"እማማ፣ ይቅርታ፤ ቸኩያለሁ" አለኝ፤ "ቤት ሚዜዎቼ እየጠበቁኝ ነው።"