እማሆይ ብርቄ የወጡበት በር

ልጅ ሳለሁ የእናቴ አክስት እማሆይ ብርቄ በሌለ በር አጎንብሰው ይገቡ ነበር። ቤቱ ፈርሷል፤ ቤቱ የነበረበት ሰፈርም እንዳለ ተነሥቷል። እርሳቸው ግን ሣሩ መሀል ይቆሙና መሬቱን በመቋሚያቸው ነካ ነካ አድርገው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ደግፈው ዝቅ ይላሉ። እኔም ከኋላቸው ዝቅ እላለሁ። ከረሳሁ «የበሩ ጉበን ይመታሻል» ይሉኛል፤ ሲሉኝም አይስቁም።

ሰፈራችን ላሊበላ ውስጥ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አፋፍ ላይ ነበር። ቤቶቹ ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ሣር የለበሱ፣ ክብና ባለ ደርብ ነበሩ፤ ከታች በግና እህል፣ ከላይ ሰው። ከዚያ ቤት የማስታውሰው ምሽቱን ነው። ያኔ እማሆይ ብርቄ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ፍሙን በእንጨት እየገፉ ተረት ሲያወሩልኝ፣ የኩራዙ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ጭሱ ዓይኔን ሲያስለቅሰኝና ከወለሉ በታች በጎቹ ሲያስነጥሱ፣ ዓለም በዚያች ክብ ቤት የምታበቃ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ይነሣ ተባለ። ምክንያቱ ክፉ አልነበረም፤ ቅርሱ እንዳይጎዳ ነው አሉ። ሰው እያለቀሰም እያጉረመረመም ዕቃውን ተሸክሞ ኮረብታውን ወጣ፤ ለእኛም ከላይ የቆርቆሮ ቤት ደረሰን። እማሆይ ብርቄ በዚያ ቀን እንባ አላወጡም። አዲሱ ቤት ከገቡ በኋላ ግን ተረት ማውራት ተዉ። እኔ ስለምናቸው አንዴ ዝናቡን ያመካኛሉ፣ አንዴ ወደ ጣሪያው ቀና ይሉና «ይኸ አምፖል አፍ አፌን እያየኝ እንዴት ብዬ ላውራ?» ይላሉ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ የሰርክ ጸሎት ሳይደርስ ትከሻዬን ይዘው ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። ተረቶቹ ለካ እዚያው ቀርተው ኖሯል። እያንዳንዱ ተረት የሚወራው በየራሱ ደጃፍ ላይ ነበር፦ የጅቡ በጎረቤታችን በቄሱ ደጅ፣ የሁለቱ ጣውንቶች ጥጥ ፈታይዋ ሴት ትኖርበት በነበረው፣ ሌላውም እንዲሁ። ወለል ባለው ሜዳ አቋርጬ ልሂድ ብል ክንዴን ይቆነጥጡኛል። «በሰው ጓሮ ይታለፋል እንዴ? ማን ነው ያሳደገሽ?» ስለዚህ በሌሉ አጥሮች ጥግ ለጥግ እንዞራለን። ደጅ ስንደርስ ቆም ይሉና «ቤቶች!» ብለው ይጣራሉ። «ይግቡ» የሚላቸው ካጡ ፊታቸው ይጠቁራል፤ እኔ ስለማዝን ድምፄን አወፍርና «ይግቡ እማሆይ፣ ይግቡ» እላለሁ። አንድ ቀን ቱሪስት የሚያስጎበኝ ልጅ እንግዶች አስከትሎ ሲያልፍ፣ እንግዶቹ ባዶ ሣር ላይ ስናጎነብስ አይተው ፎቶ አነሡን። እማሆይ ብርቄ መቋሚያቸውን አነሡባቸው። «ሰው ቤት ሲገባ አይታችሁ አታውቁም?»

የመጨረሻው ደጅ የራሳቸው ነበር። የእርሱ ተረት የአንዲት ኩሩ ሙሽራ ነው። ሙሽራዪቱ በበቅሎ መጥታ ከባሏ ደጅ ስትደርስ፣ በሩ ዝቅ ያለ ሆኖ ብታገኘው አላጎነብስም አለች። አማቶቿ አፍረው ጉበኑን አነሡላት። በሩ ቢረዝም ነፋስ ገብቶ እሳቱን አጠፋ። እሳቱ ቢጠፋ ጅብ ደፈረና በጎቹን ወሰደ። ባሏ «ጉበኑን እንመልሰው» ቢላት እምቢ አለች። እዚህ ላይ እማሆይ ብርቄ ሁልጊዜ ያቆማሉ።

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«ቀሪውን በዚህ በር ስወጣ።»

«መቼ ነው የሚወጡት?»

«እግዜር ሲጠራኝ ነዋ። ልጄ፣ ሰው ሲሞት ኸቤቱ እስተ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ጊዜ ይጸለይለታል፤ በየማሳረፊያው። የመጀመሪያዪቱን እዚህ ደጅ ላይ አድርጉልኝ። በሙሽርነት የገባሁት በዚህ ነው፤ መውጣትም ኸዚሁ ነው የምፈልግ።»

ያኔ የገባኝ ተረቱ ያላለቀ መሆኑ ብቻ ነው። ቸኩዬም ነበር፤ መጨረሻውን ለመስማት ቶሎ ቢወጡ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

ቀጥሎ ሜዳው መናፈሻ ሊሆን ነው ተባለ። ድንጋዩ ተለቅሞ ተነሣ፣ ሣር ተዘራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ሽቦ ታጠረ። ከእማሆይ ብርቄ ደጅ አጠገብ የነበረችው አሮጌ ወይራ እንኳን ተነቀለች። እርሷ ነበረች ምልክታቸው። በማግስቱ ስንወርድ ሣሩ መሀል ቆመው መሬቱን ወዲህ ነካ፣ ወዲያ ነካ አደረጉ። ዞሩ። እንደገና ዞሩ። መቋሚያው የሚያውቀውን ነገር አላገኘም። «ቤቶች!» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነብኝ። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብለው፣ ቤቱ ሲፈርስ ያላለቀሱትን ያህል አለቀሱ። «በሬን ወሰዱብኝ።»

እኔ ግን አውቀው ነበር። ልክ በበሩ እንደተገባ ወደ ደርቡ የሚያስወጣው ደረጃ የታችኛው እርከን ከአለቱ የተፈለፈለ ስለነበር ሊነቅሉት አልቻሉም፤ አፈር አልብሰውት ነው እንጂ እዚያው ነበር። በእጄ አፈሩን ጭሬ አሳየኋቸው። ዳሰሱት። መሀሉ በእርሳቸውና በእርሳቸው አማቶች እግር ብዛት ጎድጉዷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪዋ እኔ ሆንኩ፤ እርሳቸው እየተከተሉኝ፣ ዕለት ዕለት እየረሱ፣ የጅቡን ተረት በጣውንቶቹ ደጅ እያወሩ፣ በመጨረሻም ሁሉንም ትተው ማጎንበሱን ብቻ ይዘው ቀሩ።

ያረፉት በሐምሌ፣ ጭቃው ጉልበት በሚይዝበት ወቅት ነው። አስከሬናቸው ከቆርቆሮው ቤት ሲነሣ እናቴ ኑዛዜውን ተናገረች። አጎቴ ተቆጣ። «ሜዳ ላይ ምን በር አለ? በዚህ ዝናብ ሬሳ ይዘን ሣር ልንዞር ነው? ሰው ምን ይለናል?»

የንስሐ አባታቸው ከጃንጥላቸው ስር ወደ ሜዳው ቁልቁል ተመለከቱ። «ማሳረፊያ መቼም አይቀር፤ እዚያም ቢሆን ጸሎቱ ያው ነው። ግን በሩ የቱ ጋ እንደነበር የሚያውቅ አለ?»

ከቀባሪው መሀል እዚያ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ነበሩ፤ ወይራዋ ከተነቀለች ወዲህ ግን ሁሉም አንድ ሣር ሆኖባቸዋል። እናቴ እንኳን እጇን ወደ አንድ አቅጣጫ ዘርግታ መልሳ አጠፈችው። «እኔ አውቀዋለሁ» አልኩ። አጎቴ ሊገሥጸኝ ሲል የንስሐ አባታቸው በእጃቸው ዝም አሰኙት።

የመናፈሻው ዘበኛ የሰፈራችን ልጅ ነበር። ቃሬዛውን ሲያይ የሽቦውን በር ከፈተና ኮፍያውን አወለቀ። ከፊት ሄድኩ። እንደ ለመድነው በቄሱ አጥር ጥግ ዞርኩ፣ በፈታይዋ ሴት ደጅ በኩል አለፍኩ። ተሸካሚዎቹ በሜዳው ቀጥ ብለው መሄድ ሲችሉ ለምን እንደምዞር አልገባቸውም፤ አጎቴ ከኋላ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ግን ተከተሉኝ። ከእርከኑ ላይ አሳርፈዋቸው ፍትሐቱ ተደረሰ። ሲነሡ እኔ ቀድሜ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ ከጉበኑ ስር ዝቅ ብዬ ወጣሁ።

 ዞር ብዬ ሳይ ከፊት የያዙት ሁለቱ ሰዎች ጉልበታቸውን አጥፈው ቃሬዛውን ዝቅ አድርገዋል። ኋለኞቹም ዝቅ አደረጉ። ከኋለኞቹ አንዱ አጎቴ ነበር። ዝናቡ ይወርዳል፣ ከላያቸው ምንም የለም፣ እነርሱ ግን እንዳይመቱ ተጠንቅቀው፣ በዝግታ፣ እማሆይ ብርቄን በበራቸው አወጧቸው። የዚያች ሙሽራ ተረት መጨረሻው ምን እንደሆነ ያኔ አወቅሁ፦ አላጎነብስም ያለችው ሙሽራ በመጨረሻ በዚያው በር፣ ሌሎች አጎንብሰውላት ትወጣለች። እናቴ ጮኻ ስታለቅስ እኔ አላለቀስኩም፤ ተረቱ በማለቁ ክፉኛ ደንግጬ ነበር።

አሁን ችግኞቹ ዛፍ ሆነዋል፤ ሰው ከስራቸው ተቀምጦ ይጫወታል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል። ወደ ሥራ ስሄድ በዚያ አልፋለሁ። የጅቡን ተረት ግማሹን ረስቼዋለሁ፤ የሁለቱን ጣውንቶች ጭራሽ አላስታውሰውም፤ ደጃቸው ወደነበረበት ግን ዓይኔን ጨፍኜ እሄዳለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው የለም። እርከኑም ሣር ውስጥ ጠልቆ ቀርቷል፤ እኔም ከሄድኩ የሚጭረው አይኖርም። ማታ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። የቆርቆሮው ቤት በሩ ረጅም ነው፤ ማንም አያጎነብስበትም።