ክፍሉን ያጨለምንበት ዓርብ

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት የሚጀመረው አምፖሉ ከጠፋ በኋላ ነበር። ያሳደገችኝ የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ፣ ደባርቅ ላይ መብራት ባልተቋረጠበት ምሽት እንኳ ተነስታ አምፖሉን ታጠፋና ወደ ምድጃው ትመለሳለች። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፍሙ ፊቷን ከታች እያቀላው፣ የጭላዳ ዝንጀሮውንና የነብሩን ተረቶች ቀስ እያለች ትተርክልኛለች። ያኔ የዓለም ነገር ሁሉ የሚያልቀው እዚያው ምድጃ ዳር ይመስለኝ ነበር። ቀን ላይ ግን ብለምናት፣ ቀሚሷን ይዤ ብጎትታት፣ ወይ ፍንክች። «በቀን ተረት ካወሩ መንገድ ላይ ያለ ዘመድ ይጠፋል» ትለኛለች።

እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ያለ ዘመድ ነበረኝ። አባቴ በአይሱዙ ድንች ጭኖ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ በዛሪማ በኩል ሽሬ ድረስ የሚመላለስ ሾፌር ነበር። እናቴን ገና ሳላውቃት ስላጣኋት ከእሱና ከእቴቴ በቀር ማንም አልነበረኝም።

ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ነው፤ አባቴ ጎህ ሳይቀድ በወጣበት ሰኞ፣ ከጎንደር አዲስ የመጣችው አስተማሪያችን ቲቸር አይናለም ሰሌዳው ላይ «ተረት» ብላ በትልቁ ጻፈች። ሳምንቱን ሙሉ በየተራ እየወጣን ቤታችን የሰማነውን እንድንናገር አዘዘችን። የእኔ ተራ ዓርብ ጠዋት ሆነ። ሌሎቹ ሲፈነጥዙ እኔ አባቴ የሚመለስበትን ቀን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ማክሰኞ ልጆቹ በጠራራ ፀሐይ እየወጡ እንደ ልባቸው ሲያወሩ፣ የሁሉም አባት ቤቱ የተቀመጠ መሰለኝና ቀናሁባቸው።

አባቴ ረቡዕ መመለስ ነበረበት። አልመጣም። ስልኩም አይሠራም። እቴቴ «ቆላው ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ ምን ያስጨንቅሻል?» ትለኝና፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ እንድደውልላት ስልኳን ትሰጠኛለች። ሐሙስ ጉም ወርዶ የትምህርት ቤቱ ባንዲራ እንኳ አልታይ አለ። ቲቸር ማካፈል ስታስተምር ጆሮዬ አስፋልቱ ላይ ነበር፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ከዴስኬ ብድግ እላለሁ። ምን እንደነካኝ ስትጠይቀኝ «ምንም» አልኳት። እንዲህ ያለውን ፍርሃት ለከተማ ሰው መናገር ያሳፍረኝ ነበር።

ዓርብ ስሜ ተጠራ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ በመስኮቱ ወደ አስፋልቱ ማየት ጀመርኩ። ከኋላ መሳቅ ተጀመረ። አባቴ አሁን ሊማሊሞን እየወጣ ይሆናል፤ አንድ ቃል ከአፌ ብታመልጥ መሪው ከእጁ የሚወጣ መሰለኝ።

«ካልቻልሽ ተቀመጪ» አለችኝ ቲቸር።

መቀመጡም እንደ ሽንፈት ሆነብኝ። ያኔ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «ቲቸር፣ መስኮቱን ልዝጋው?» አልኳት።

«ለምን?»

«እንዲመሽ። አባቴ መንገድ ላይ ነው።»

ቲቸር ነገሩ አልገባትም፤ ልጆቹ ግን ገባቸው። ሁሉም ቤቱ አንዲት እቴቴ ነበረችው መሰለኝ። አባቱ የአውቶቡስ ረዳት የነበረው አዳነ ማንም ሳያዝዘው ተነስቶ አንዱን የቆርቆሮ መስኮት ገፍቶ ዘጋው። ሌሎቹም ተከተሉት። በሩ ተዘጋ፤ ብርሃን የሚያስገባውን ስንጥቅ አንድ ልጅ በኮቱ ወተፈው፤ በምስማር ቀዳዳዎቹ ላይ ደግሞ መዳፋቸውን የለጠፉ ነበሩ። ቲቸርም ሳቋን እየዋጠች መጥታ መካከላችን ተቀመጠች።

«ተረት ተረት» አልኩ።

ክፍሉ በሙሉ በሹክሹክታ «የመሠረት» አለ።

የጭላዳውን ተረት እየዘለልኩ፣ እየተጣደፍኩ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አወራሁት። አንድም ልጅ አልሳቀም።

አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት ገባ። ዛሪማ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት መለዋወጫ ሲጠብቅ ነው የሰነበተው። እግሩ ላይ ተጠምጥሜ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። እሱ ግን እስኪያነባ ሳቀ።

«እኔንም በልጅነቴ እንዲሁ ስታስፈራራኝ ነው ያደግሁት» አለ ወደ እቴቴ እየጠቆመ። «ውሃ እንድቀዳላት ብላ እኮ ነው።»

እቴቴ አልካደችም። «ታዲያ ቀን ተረት ከተጀመረ ማን ሥራ ይሠራል፣ ልጄ?» አለችኝ።

ተናደድኩ። ያን ሁሉ ቀን እህል አልወርድ ያለኝ በከንቱ ነበር ማለት ነው። ማታ ስትጠራኝ እንኳ ምድጃው ዳር አልሄድኩም።

ከዚያ ሳምንት የተማርኩት ማካፈል እንደገና እስክማረው ድረስ ጠፍቶብኝ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ አብሮኝ ያለው ቀጥሎ የመጣው ሰኞ ነው። አባቴ እንደገና ሽሬ ወጣ። እረፍት ላይ ልጆቹ ከበውኝ የነብሩን ጨምሪልን አሉኝ። እንደማይጎዳ ከራሷ ከእቴቴ አፍ ሰምቼ ሳለ አፌ አልከፈት አለኝ። በራሴ አፍሬ ቤት ስገባ እቴቴ በራፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣ አገኘኋት። እጇ ላይ ምንም ሥራ አልነበረም።

«እንግዲያውስ አሁን ንገሪኝ» አልኳት። «ሥራ አልያዝሽ።»

እቴቴ ወደ ሊማሊሞ መንገድ ቀና ብላ አየች።

«አባትሽ ይግባና» አለችኝ።