ከመንገድ ማዶ ያለ ለቅሶ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ብዙ እግር። ሰዎቹ ግድግዳ ተደግፈው እግራቸውን ወደ መሀል ዘርግተዋል፤ መርገጫ ጠፋኝ። ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር አሉ። የሁሉም ጀርባ ግራጫ ነው። ከጣሪያው ሥር ባለች ቀዳዳ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫፉ ይታያል።

የታሰርኩት ሌላ ሰው የጻፈውን በስልኬ ስላጋራሁ ነው። መዝጋቢው ስም፣ ዕድሜ፣ ብሔር ጠየቀኝ። የመጨረሻውን ከጻፈ በኋላ ቀና ብሎ አየኝ። ክፍሉ ውስጥም ሰዉ የተቀመጠው በዚያው በመጨረሻው ጥያቄ ነበር፤ እያንዳንዱ ከወገኑ ጋር፣ በየጥጉ።

«ግባ አትፍራ፤ እዚህ ቪዛ አይጠየቅም» አሉኝ አንድ ጎልማሳ። ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ዲቪ ነበር የሚሏቸው። አሜሪካ ሃያ ዓመት ኖረው፣ ለእናታቸው ተዝካር እንደመጡ የተያዙ ናቸው። አጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ።

ስንቅ የሚያመጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ በየቀኑ፣ ከሰፈራችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በእግሩ። መገናኘት አይፈቀድም። የማየው ምሳ ዕቃውን ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ ስሜን በምስማር ጭሮታል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ስንቁ በጎረቤታችን ሰሃን መጣ።

«ወንድሜስ?» አልኩ።

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አሉ ጋሽ ዲቪ፣ ወደ ሌላ እያዩ።

ከሰዓት በኋላ ዳማ የሚጫወቱት ቆርኪያቸውን ሰበሰቡ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ወይም ጠርጥሬ ይሆናል፤ አላውቅም።

ሲነጋጋ ቀሰቀሱኝ። ሁሉም ከየጥጉ መጥተው ከበውኛል። ሰው በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚከበብ አውቃለሁ።

«ወንድምህ አርፏል» አሉ ጋሽ ዲቪ። «ከትናንት ወዲያ፣ ስንቅህን አድርሶ ሲመለስ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ነው። ጎረቤታችሁ ለዘበኛው ነግራው ነው የሰማነው።»

«ተቀበረ?»

«ትናንት።»

ስጮህ ዘበኛው በሩን በዱላ መታው። «ድምፅ!» አለ። ጃኬቴን ነከስኩ።

ጋሽ ዲቪ ከጎኔ አልተነሱም። ቆይተው፣ ሳልጠይቃቸው፣ ቀስ ብለው ማውራት ጀመሩ።

«እዚያ አሜሪካ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ፊት ለፊት የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከነሱ አንዱን ወጣት ፖሊስ ገደለው። ‹መጥታችሁ አብራችሁን ጸልዩ፣ አብራችሁን ቁሙ› ብለው ላኩብን። ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። ‹ይሄ ፖለቲካ ነው፤ የነሱ ጉዳይ ነው፤ እኛ ሐበሾች ነን› ያልኩት እኔ ነኝ። አንዲት ሴት ብቻ፣ ‹ፖሊሱ ሲያስቆመን ሐበሻ መሆናችንን ይጠይቃል እንዴ?› አለች። ሳቅንባት።»

«ከዚያስ?» አለ ከወዲያኛው ጥግ የመጣ ልጅ።

«እሑድ የሟቹ ታናሽ ወንድም ራሱ መጣ። ሰው ሲያወልቅ አይቶ ጫማውን አወለቀ። ጫማውን ይዞ ደጁ ላይ ቆመ። አጠገቡ አልፌ ገባሁ። ስወጣ የለም።»

«ጋሼ፣ መንገድ መሻገር ብቻ እኮ ነበር» አለ ልጁ።

«አዎ። መንገድ መሻገር ነበር።»

«የሞተው ስሙ ማን ነበር?» አልኳቸው።

«አልጠየቅሁም።»

ዘበኛው በሩን ከፈተ። «ተነሱ! ቆጠራ!»

ጃኬቴን እንዳቀፍኩ ተቀምጬ ቀረሁ።

«ለቅሶ ላይ ነን ልጄ» አሉት ጋሽ ዲቪ። «እንደተቀመጥን ቁጠረን።»

ማንም አልተነሳም። ወጣት ዘበኛ ነበር። በሩን ይዞ ቆየ። ከዚያ እንደተቀመጥን ቆጠረን። ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

መቃብሩን አይቼ ልመለስ ብዬ ለመንኩ። «ይታያል» አሉኝ። ሳይታይ ሁለት ወር አለፈ፤ ተፈታሁ። ጋሽ ዲቪ እዚያው ቀሩ። አሁን የት እንዳሉ አላውቅም።

እናቴ እንደነገረችኝ፣ ለቅሶው ላይ የሰፈሩ ግማሽ አልመጣም። ልጇ በፖለቲካ ታስሯል ብለው ፈርተው ነው። አልፈርድባቸውም። እኔም የታሰረ ሰው ቤት ሄጄ አላውቅም ነበር።

ባለፈው እንጦጦ ራጉኤል ወጥቼ ለጸሎት የወንድሜን ክርስትና ስም ሰጠሁ።

«ሌላስ አለህ?» አሉኝ ቄሱ።

«አንድ ሰው አለ አባ፤ አሜሪካ የሞተ። ስሙን አላውቀውም። ታናሽ ወንድም አለው።»

ብዕራቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ። «እንግዲያስ ወንድሙን ያጽናው» አሉ።

ስወጣ ጫማዬን አላጠለቅሁም። እንደያዝኩት ደጁ ላይ ቆምኩ። ሰው በአጠገቤ እያለፈ ይገባል።