የአጎቴ መኪና የኋላ ሞላ

የአጎቴ መኪና ከኋላዋ ዝቅ ማለቷን ያየነው የእህቴ የሠርግ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ነው። ቀድሞም ዝቅ ብላ ሊሆን ይችላል። ሙሽራ ልትጭን የታሰበች መኪና ግን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ትታያለች።

ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ለፍጥነት የተሠራች ቀይ መኪና ነበረች። አጎቴ አዲስ አበባ ለአንድ የውጭ አገር ሰው ለብዙ ዓመት ሾፌር ሆነው ሠርተዋል፤ ሰውየው መኪናዋን እሽቅድምድም ያወጣት ነበር። አገሩ ሲገባ ለአጎቴ ትቶላቸው ሄደ። ሶዶ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ ድምጿን ሰምቶ ማን እንደመጣ የማያውቅ አልነበረም። አባታችን ከሞተ ጀምሮ አጎቴ በአባታችን ቦታ ስለሆኑ፣ እህቴን በዚያች መኪና ወደ ሙሽራው አገር ወደ በዴሳ እንደሚወስዷት ገና ልጅ ሳለች ቃል ገብተውላት ነበር።

ችግሩ፣ ከኋላ ሁለት ሰው ሲቀመጥ ጎማው ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ ይፍቅ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል። የበዴሳ መንገድ ያኔ ጠጠርና ጉድጓድ ነው።

እናቴ አንድ ጊዜ ከኋላ ተቀምጣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ስትመለስ በእግሯ መጣች።

«የፊዚክስ አስተማሪ ነሽ አይደል?» አለችኝ። «ሲሠሩት ቁመሽ እዪ። ደህና ነው ካልሽ ልጄ ትሄድበታለች። አይደለም ካልሽ በቤተ ክርስቲያኑ ሚኒባስ ትሄዳለች። አጎትሽን ግን አላምናቸውም፤ እሳቸው ያቺን መኪና ከእኛ ይበልጥ ይወዷታል።»

ይህን አደራ በደስታ ነው የተቀበልኩት። ያኔ የፕላዝማ ዘመን ነበር። ትምህርቱን የሚሰጠው ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ነው፤ እኔ መግቢያና መዝጊያው ላይ ጥቂት እናገራለሁ፤ ሙሉ አስተማሪ የምሆነው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። የማስረዳት ረሃብ ነበረብኝ።

መካኒኩ ኮፍያውን ገልብጦ የሚያደርግ፣ አፉ የማያርፍ ወጣት ነበር። የመኪናዋን ጀርባ በሁለት እጁ ተጭኖ ለቀቀና «ሞላው ነው፤ ሁለቱም ሞተዋል» አለ።

«አጎቴ አሞርዛተሩ ነው ብለዋል» አልኩት። ሞላ ጥምዝምዙ ብረት ነው፣ ክብደቱን ይሸከማል፤ አሞርዛተር ደግሞ የሞላውን መንጠር ያበርዳል። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ስላላቸው፣ አንዱን በሌላው ስም መቀየር ቀላል ማጭበርበሪያ መስሎ ታየኝ።

«አጎትሽ ይንዱ፤ መፍታቱን ለእኔ ተዪው።»

«እሺ፣ አንዱ ብቻ ቢሆንስ የሞተው?»

«ቲቸር፣ አንድ እግር ጫማ ገዝተሽ ታውቂያለሽ?»

መልሱ ትክክል ነበር። ቀልድ ስላደረገው ግን ጥርጣሬዬ ጨመረ።

ሞላዎቹን የሸጠልን ቤተሰቡ ከስልጤ የመጣ የመለዋወጫ ነጋዴ ነበር። በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ ጥቁር ቀለም ተቀብተው ነው ያወጣቸው። በጥፍሬ ቀለሙን ጫርኩት።

«ካርቶናቸው የታለ?»

«እህቴ፣ መንገድ ላይ ዝናብ መታው።»

«የሁለቱንም?»

«ዝናብ ይመርጣል እንዴ? ወላሂ አዲስ ናቸው!»

አብረውኝ የመጡት አጎቴ አፍረው ወደ ውጭ ወጡ። እኔ ግን የሽቦዎቹን ውፍረት በክር ለካሁ፤ ባንኮኒው ላይ አቁሜ ቁመታቸውን አስተያየሁ። እኩል ናቸው። ዝገት የለባቸውም። ከዚህ በላይ የምጠረጥርበት ነገር ስላጣሁ ገዛናቸው።

ያንኑ ቀን ከሰዓት፣ መካኒኩ ሌላ ሞላ ቢገጥምብንስ ብዬ አሰብኩ። እህቴ ለሠርጓ የገዛችውን ቀይ የጥፍር ቀለም ወስጄ በእያንዳንዱ ሞላ ታችኛው ጫፍ ላይ አንድ መስመር ቀባሁ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ሚቼ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ ጥፍሬን አትቀቢ ይሉኛል፤ አንቺ ብረት ትቀቢያለሽ?»

ሚቼ በወላይትኛ እህቴ ማለት ነው። ስታሾፍብኝ ብቻ ነው እንደዚያ የምትጠራኝ።

ሲገጠም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሜ አየሁ። መካኒኩ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ አገደ፤ ኋላዋን በክሪክ አንስቶ አካሏን በግንድ አስደገፈ፤ ጎማዎቹን አወጣ። ከዚያ የአሞርዛተሮቹን የታች ቡሎን ፈትቶ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘውን አክስ ቀስ አድርጎ አወረደው። አክሱ ሲወርድ ሞላው ይላላል፤ በእጅ ይወጣል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው፤ አሮጌው በአራት ጣት ውፍረት ያህል አጥሯል። ብዙ ዘመን የተጫነ ሞላ ወደ ቁመቱ አይመለስም፤ ይህን ለክፍሌ ባስረዳ ደስ ይለኝ ነበር። እዚያ የነበረው መካኒኩ ብቻ ስለሆነ ለእሱ አስረዳሁት።

«ፈተና ላይ ይመጣል?» አለኝ።

አዲሶቹ ገቡ፤ ጫፋቸው በላይና በታች ባለው ጎድጓዳ መቀመጫ ላይ በደንብ አረፈ። ቀይ መስመሮቼ ይታዩ ነበር። መኪናዋ ስትወርድ ኋላዋ ከፍ ብሎ ቆመ። ሁላችንም ተሳፍረን ሞከርናት፤ ምንም የሚጋጭ ነገር የለም። ለእናቴ «ደህና ነው» አልኳት።

ያልተደሰቱት አጎቴ ብቻ ነበሩ። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና «ፈረስ ነበረች፤ አሁን ውሃ ልትጠጣ ያጎነበሰች በግ አደረጋችኋት» አሉ። በመናኸሪያው በኩል ሲያልፉ ደግሞ የሚያውቋቸው ሾፌሮች «ጋሼ፣ ከኋላ ምን አስረግዘዋት ነው?» ብለው ሳቁባቸው። አዲስ ሞላ ትንሽ ከሠራ በኋላ እንደሚረጋ አስረዳኋቸው። እየሰሙኝ አልነበረም።

ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናዋ ግቢያችን ቆማለች። ኋላዋ እንደ ድሮው ዝቅ ብሏል።

ወዲያው ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ነገሩ ግልጽ መስሎኝ ነበር፤ አጎቴ ዘይት ሊያስቀይሩ ሲያቆሟት መካኒኩ አዲሶቹን አውጥቶ አሮጌዎቹን መልሷል።

«አሮጌዎቹ ሞላዎች የት አሉ?» አልኩት።

«ልትቀብሪያቸው ነው?»

«የት አሉ ነው ያልኩህ!»

መኮሳተሬን አየና እጁን በጨርቅ ጠርጎ «ነይ» አለኝ። ከገበያው ጀርባ ወደሚገኝ ቢላዋና ማጭድ ወደሚሠራ ሰው ወሰደኝ። ለሥጋ የሚሆን ጥሩ ቢላዋ ከመኪና ሞላ እንደሚሠራ ሶዶ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ መካኒኮችም አሮጌ ሞላ አይጥሉም። አንደኛው በእሳት ተፈትቶ ቀጥ ያለ ብረት ሆኗል፤ ሌላው ግማሹ እንደተጠመዘዘ ፍሙ አጠገብ ተኝቷል።

«ይሄ ነው አጎትሽ መኪና ስር ያለው?» አለኝ መካኒኩ።

ተመልሼ ሄድኩና ግቢያችን ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ ከመኪናዋ ስር አየሁ። ሞላዎቹ የገዛናቸው ናቸው። ቀይ መስመሬ ግን የለም፤ መስመሩ የነበረበት ጫፍ ራሱ የለም። የታችኛው ጥምዝ ተቆርጧል። ቀለሙ እስከ ላይ ድረስ በሙቀት ተላጧል፤ ብረቱ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ሆኗል። በበያጅ እሳት ነው የቆረጡት።

ያንጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አጎቴ ሰሞኑን ስለ ኋላዋ ከፍታ ማማረር አቁመው ነበር። እንዲያውም ያፏጩ ነበር።

እናቴ ባለችበት ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ሞላውን ማን ቆረጠው?»

«የማን መኪና ናት?» አሉኝ መልሰው።

«የእርስዎ ናት።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት። የፍጥነት መኪና መሬት ይዛ ነው የምትሄደው። እኔ ገና አንቺ ሳትወለጂ ነው እነዚህን መኪናዎች የነዳሁት።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ሞላ በእሳት ሲግል ጥንካሬው እንደሚጠፋ ተናገርኩ። ዋናው አደጋ ግን ሌላ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ያጠረው ሞላ መቀመጫው ላይ አይደርስም፤ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ያ ከሆነ መኪናዋ በአንድ ጎኗ ትወድቃለች።

«ቴሌቪዥኑ ነው ያስተማረሽ?» አሉ አጎቴ።

«ክሪክ ያምጡና እናንሳት። ሞላው ካልተነቃነቀ እህቴ በእርስዎ መኪና ትሂድ፤ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

የራሳቸው ክሪክ ተሰብሮ ነበር። ከመካኒኩ ልዋስ ሄድኩ። ስደርስ «ይቅርታ ልትጠይቂ ነው?» አለኝ፤ «አይ፣ ክሪክ ልዋስ» አልኩት። እየሳቀ ራሱ ተሸክሞት መጣ።

አጎቴ ኮታቸውን አውልቀው በእልህ ራሳቸው አነሷት። ኋላዋ ከፍ አለ፤ በግንድ ተደገፈ፤ ጎማዎቹ ተንጠለጠሉ። እህቴም ጸጉሯን ግማሹን ተሠርታ ግማሹን እንደተወች ወጣች። እጄን ማስገባት ስላልፈለግኩ ረዘም ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት አንስቼ በቀኝ በኩል ያለውን ሞላ ነካሁት። ዞረ። ለመሽከርከር ምንም አልከለከለውም። ትንሽ ገፋ ሳደርገው ከመቀመጫው ወጣና መሬት ላይ ወድቆ ተንከባለለ፤ አጎቴ ጫማ ጋ ደርሶ ቆመ።



አጎቴ ሞላውን አንስተው ትኩር ብለው አዩት። እንደገና ይከራከራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እህቴን አዩ፣ ከዚያ እናቴን።

«አሮጌዎቹ ቢመለሱስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ቢላዋ ሆነዋል» አለ መካኒኩ።

ነጋዴው ሌላ ሞላ ከአዲስ አበባ እስኪያስመጣ ሠርጉ ያልፋል። እህቴ ወደ አጎቴ ሄዳ ክንዳቸውን ያዘችና «ጋሼ፣ እኔ ቃል የተገባልኝ እርስዎ እንደሚወስዱኝ ነው» አለቻቸው። «ሚኒባሱ ውስጥ ፊት ይቀመጣሉ።» መኪናዋ በግንዱ ላይ እንደቆመች ተተወች፤ ልታጌጥባት የነበረው ሪባን ሚኒባሱ ላይ ታሰረ።

በሠርጉ ቀን አጎቴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ከኋላችን መዘምራኑ ይዘምራሉ፤ ከፊት እሳቸው ጆሯቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር የበሩን እጀታ ይይዛሉ። «ይሄ ምን ድምፅ ነው?» ይሉታል ሾፌሩን። «መንገዱ ነው አባባ።» «መንገድ እንዲህ አይጮህም።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ሲያዞር ወደ ግራ አላዘነበለም?» እያሉ ወደ እኛ ዞረው ያዩናል።

ከበዴሳ መለስ ብሎ አንድ ጠንከር ያለ ጉድጓድ መታን። አጎቴ «አቁም!» አሉ። መዝሙሩ ተቋረጠ። ወርደው በመስኮት በኩል ጠሩኝ።

«ነይ ውረጂ። የዚህን ሞላ ጫፍ እዪልኝ፤ የቆረጠው ሰው እንዳይኖር።»

በአዲሱ ቀሚሴ ወርጄ አቧራው ላይ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ይሄኮ ከኋላው ሞላ የለውም። ባሌስትራ ነው፤ የተደራረበው ዝርግ ብረት፣ እንደ...»

«ማን ነው እንደዚያ ያለሽ?» አሉኝና፣ ለሙሉ ልብሳቸው ሳይሳሱ በጉልበታቸው ተንበርክከው ራሳቸው አዩ።