ካርቶኑን የማያምኑት ዓሚ ሷሊህ

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። እንደገና ተደወለ፤ ወሬው ያው ነው። የቃሉዓው ዓሚ ሷሊህ ዛሬ ከሱብሂ በኋላ ሞተዋል። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከኤደን ስልክ በተደወለ ቁጥር ሞት መስማት ደክሞኛል፤ እውነቴን ነው። ያን ሁሉ ጦርነት ምንም ሳይነካቸው አልፈው፣ አሁን ነገሩ ረገብ ሲል መሄድ ምን ይባላል? እዚህ ደሴ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፍላችሁ።

ለማታውቋቸው፦ ዓሚ በዓረብኛ አጎቴ ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። የዓሚ አባት የመናዊ፣ እናታቸው የወሎ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ሁጀይፍ ወደብ ላይ የመርከብ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረዋል። ኋላ ቃሉዓ በሚባለው የኤደን ሰፈር፣ ከአንድ ኢንተርኔት ቤት በላይ፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር የሚሠሩባት ጠባብ ክፍል ነበረቻቸው። እኔ ያኔ መዓላ የሚባል ሌላ ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር፤ ዕረፍቴ ጁምዓ ነው፤ እንደ ሌሎቹ የአገሬ ልጆች እሳቸው ጋ እሄድ ነበር።

ችግሬ ምን ነበር መሰላችሁ? ባሕሩን በተሻገርኩ ሰሞን አንዲት ጀልባ ሰጥማ ኖሮ፣ አገር ቤት የደረሰው ወሬ እኔም እሷ ላይ ነበርኩ የሚል ነው። አባቴ ለቅሶ ተቀመጠ። ደውዬ "አባ፣ አለሁ" ብለው አላመነኝም። ደላሎች የቤተሰብ ገንዘብ ለመብላት የሰው ልጅ ድምፅ እያስመሰሉ ያሰማሉ ሲባል ሰምቷል። ለወንድሜ "ፊቷን ካላየሁ ከዚህ ምንጣፍ አልነሳም" አለው።

ያኔ ስልካችን ምስል የለው። ኢንተርኔት ቤቱ ደግሞ ወንድ የሞላበት ነው፤ ካሜራም አልነበረውም። ለዓሚ ነገርኳቸው። "ቀላል ነው፣ ዋየርለስ እንሰካለታለን" አሉኝ። የኤደን ሽማግሌዎች ሬዲዮን ዋየርለስ ነው የሚሉት፤ እኔም አባቴን በሬዲዮ ሊያናግሩልኝ ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ለካ እሳቸው የሚሉት ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ፣ ጣት የምታክል ዋይፋይ መቀበያ ነው። አሮጌው ላፕቶፓቸው ካሜራ አለው፤ የራሱ ዋይፋይ ግን ተቃጥሏል። ዊንዶውስ አልሸከም ስላለም ሊኑክስ የሚባለውን ቀለል ያለ ፕሮግራም ጭነውበታል።

ሰኩት። ዝም። ኮምፒውተሩ ዕቃውን የሚያውቅበት ድራይቨር ያስፈልገዋል አሉ። ድራይቨሩን ለማውረድ ኔት፣ ኔቱን ለማግኘት ድራይቨር። እኛ ስደተኞች ወረቀት ለማውጣት ወረቀት አምጡ እንደምንባለው ማለት ነው። ፍላሻቸውን ይዘው ምድር ቤት ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ወረዱና በመቀበያዋ ካርቶን ላይ በተጻፈው ስም ፈልገው ገልብጠው መጡ። ጫኑት፤ አሁንም ዝም። መብራት ሄደ። ሙቀቱንስ ተዉት፣ አላነሳውም። አባቴ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ሰው ቤት ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ስመጣ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው አንዲት ትእዛዝ ጻፉ፤ ኮምፒውተሩም የተሰካበትን ዕቃ ማንነት ዘረዘረ። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ሌላ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ሌላ። ዓሚ ሳቁና "ካርቶኑን ተዪው፣ ራሱን ጠይቂው" አሉኝ። በእውነተኛ ስሙ ድራይቨሩን አምጥተው ጭነው፣ ነቅለው መልሰው ሲሰኩት ያቺ ትንሽ መብራት ብልጭ አለች።

ይቺን ቃል በሰውም ላይ ይሏት ነበር። ደላላ ባወጣላት ስም የመጣችን ልጅ ሁሉ "ካርቶኑን ተዪና፣ ስምሽ ማነው?" ነው የሚሏት። ስንቶቻችን እናታችን ባወጣችልን ስም የተጠራነው እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት የዋይፋዩን የምስጢር ቁጥር ሰጠን። ወንድሜም "ፊቷን ታያለህ" ብሎ አባቴን እዚሁ ደሴ አንድ ኢንተርኔት ቤት ይዞት መጣ። በዓሚ ክፍል ሲግናሉ የሚገኘው መስኮቱ ጋ ብቻ ነው፤ መቀበያዋን በረጅም ገመድ ቀጥለው ዓሚ በእጃቸው ያዟት። ዝቅ ካደረጓት ምስሉ ይቆማል።

አባቴ ስክሪኑ ላይ መጣ። ከስቷል። አላለቀሰም፣ ሰላምም አላለኝ። "ሻሽሽን ገለጥ አድርጊና ከጆሮሽ በላይ ያለውን አሳዪኝ" አለ። ልጅ ሆኜ ወድቄ የቀረብኝን ጠባሳ ነው። ዓሚ ይህን ሲሰሙ ቶሎ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እጃቸው ግን እንደተዘረጋ መስኮቱ ላይ ቀረ። ሻሼን ገለጥኩ።

አባቴ ብዙ አየኝ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሮ "ልጄ ናት፤ ለቅሶ ለተቀመጡት ተነስቻለሁ በላቸው" አለው። የዚያን ቀን ያለቀስኩትን ለቅሶ ከዚያ በፊትም በኋላም አላለቀስኩትም።

ቆይቶ አባቴ ያ ጀርባውን የሰጠን ሰውዬ ማነው ብሎ ጠየቀኝ። ዓሚ ሳይዞሩ "ሚስማር ነኝ፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ። አንተ ልጅህን እያት" አሉት። ተነጋግረን እስክንጨርስ እጃቸውን አላወረዱም። በኋላ እሳቸው ክንዳቸውን እያሹ አብረን ሻይ ጠጣን።

ዓሚ፣ አላህ ቀብርዎን ያብራልዎ፣ ያስፋልዎ። በቁሜ ተለቅሶልኝ ነበር፤ አባቴን ከለቅሶ ያስነሱልኝ እርስዎ ነዎት። ደህና ይሁኑ። ዛሬ እኔ ለእርስዎ ለቅሶ ተቀምጫለሁ፤ እኔን የሚያስነሳኝ ግን የለም።