ከጢሙ ሥር የተሠራ ቤት

በደርግ ጊዜ በደብረ ታቦር የቀበሌያችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ የሦስት ፈረንጆች ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። በየአዳራሹ የሚሰቀለው ያው ሥዕል ነው፤ ሁለቱ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ሦስተኛው በራ፣ ጢሙን ያሳጠረ። ታዲያ አንዲት ተርብ መጥታ ከመካከለኛው ሰውዬ ጢም ሥር፣ ከሥዕሉ ፍሬም ላይ፣ ቤቷን መሥራት ጀመረች።

መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ በዚያው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበርና። ወረቀት የጠፋበት ዘመን ስለነበር ተማሪዎቼ፣ አብዛኞቹ እናቴን የሚያክሉ ሴቶች፣ ፊደሉን ጣውላ ላይ በከሰል ነበር የሚጽፉት። ተርቧ ደግሞ የበሩን እንጨት በጥርሷ ትፍቃለች፣ ፍቅፋቂውን በምራቋ ታላምጣለች፣ ከዚያ ግራጫ ወረቀት አድርጋ ትለጥፈዋለች። ክፍሉ ጸጥ ሲል ስትፍቅ ይሰማል። መንግሥት ያጣውን ወረቀት አንዲት ተርብ ስትሠራው ሳይ፣ አልዋሽም፣ ቀናሁባት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በቀጭን አንገት የተንጠለጠለችው ቤት አፋቸው ወደ ታች የሆነ ትናንሽ ክፍሎች እያወጣች ሰፋች። ልጆቿም አደጉና እነሱም ፋቂዎች ሆኑ። በሩ አልበቃ ሲላቸው በቀይ ቀለም የተጻፈውን የመፈክር ካርቶን ይፍቁት ጀመር፤ ቤታቸው ግራጫው ላይ ቀይ ቀይ መስመር ገባበት። ከተማሪዎቼ መካከል አንደበታቸው የማይያዝ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አዩና፣ «እነሱም ተደራጁ በሉኛ! ያውም ማንም ሳይሰበስባቸው» አሉ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን ሲያዩት አልሳቁም። ሙስሊም ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሥልጣኑንም ያገኙት ፈልገው አይደለም። የምርጫው ዕለት ሶላት ሊሰግዱ ወጣ ብለው ሲመለሱ ሰዉ መርጧቸው ጠበቃቸው።

«በጭስ እናባራቸው» አልኳቸው።

«የሰውዬው ጢም ጥላሸት ቢለብስ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«እንግዲያው ሥዕሉን አውርደን—»

«ዝም በይ ልጄ!» በሩን ዞር ብለው አዩ። የጎረቤት ቀበሌ ሊቀ መንበር ግድግዳውን ኖራ ሊቀባ ሥዕሉን አውርዶ፣ «ማንን ልትሰቅል አስበህ ነው?» ተብሎ መታሰሩን ሁላችንም እናውቃለን። «መጋረጃ ልስፋለት?» አሉ ለራሳቸው፤ ወዲያው ደግሞ፣ «ፊታቸውን ሸፈነ ይሉኛል» ብለው ተዉት። ፈሩ። «ወላሂ፣ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል» እያሉ ሲብሰለሰሉ እኔም ፈራሁላቸው።

ተርብ ደግሞ ጩኸት አይወድም። አንድ ስብሰባ ላይ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ብለን ስንጮህ ግልብጥ ብለው ወጥተው የፊተኛውን ወንበር ሰው ጆሮ ነደፉት። ከዚያ ወዲህ መፈክራችን ሹክሹክታ ሆነ። ግራ እጃችንን እስከ ጆሯችን ብቻ ከፍ እናደርግና፣ የተኛ ሕፃን እንዳለበት ቤት፣ «ይውደም» እንላለን። እውነቱን ልናገር፣ ስብሰባ እንደዚያ ጊዜ ጥሞኝ አያውቅም። ሰው ያንቀላፋል፣ ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ቶሎም ያልቃል።

ይህ ሰላማችን የቆየው ካድሬው እስኪመጣ ነው። ከአውራጃ የተላከ፣ የሌላ አገር ሰው፣ ወጣት፣ ድምፁ ከከተማው ውጭ ጋፋት ድረስ የሚሰማ። ከሥዕሉ ሥር ቆመና፣ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» አለ።

«ይውደም» አልን፣ በለሆሳስ።

«ምንድን ነው ይህ? ለቅሶ ቤት ነው? ይህ የአድኃሪ ድምፅ ነው!» ዞሮ ሊቀ መንበሩ ላይ አፈጠጠባቸው። የሳቸው ጣቶች መርፌ የያዙ ይመስል አየር ላይ ክር ያስገባሉ።

«ጓድ፣ ትንሽ ቀስ ቢሉ...»

«ቀስ የሚባል አብዮት የለም!» ብሎ ግድግዳውን በጡጫ መታው።

ተርቦቹ ግልብጥ ብለው ወጡ። እኛ ልምዱ ስለነበረን ነጠላና ጋቢያችንን ተከናንበን ኩርምት አልን። የሮጠው እሱ ብቻ ነው፤ የተነደፈውም እሱ ብቻ። አሮጊቷ ነጭ ሽንኩርት አኝከው እስኪቀቡት ድረስ የላይኛው ከንፈሩ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር።

ተርቦቹ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እሱም ተመለሰ። «አውርዱት ይህንን ነገር!» አለ፣ በዚያ ከንፈር የቻለውን ያህል።

ማንም አልተነቃነቀም። ሊቀ መንበሩ ብድግ አሉ። «ጓድ፣ እርስዎ ያውርዱልን» አሉ። «እኛ ያንን ሥዕል ለማውረድ ሥልጣኑ የለንም።»

ካድሬው ሁለት እጁን ወደ ፍሬሙ ዘረጋ። ዘርግቶ ቆመ። በሩን ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ እኛን፣ ማን ይመሰክርብኛል በሚል ዓይን፣ በየተራ አየን። ያንን አስተያየት ከሊቀ መንበራችን ፊት ላይ አውቀዋለሁ። እጁን መለሰው። ሳቄ መጣ፣ ግን አሳዘነኝም።

ከዚያ ግራ እጁን እስከ ጆሮው ከፍ አደረገና በለሆሳስ፣ «ይውደም» አለ።

«ይውደም» አልን ሁላችንም፣ እንደዚያ ከልባችን ብለን አናውቅም። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ፣ እሱም ሄደ፣ ሊቀ መንበሩንም የጠየቃቸው የለም። አሮጊቷ ለወር ያህል የከንፈሩን ነገር በገበያው ሲያወሩት ከረሙ።

ደርግ ከከተማችን የወጣ ሰሞን አዳራሹን ልናጸዳ ገባን፣ እኔና ያረጁት ልብስ ሰፊ። ተርቦቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ባለቀይ መስመሩ ቤት ግን ደርቆ ከጢሙ ሥር እንደተንጠለጠለ ነው። እሳቸው ባለሦስት እግር ዱካ ላይ ወጡ፣ ፍሬሙን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ከዚያ በሩን ዞር ብለው አዩ።

«ማንም የለም እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ፣ በሹክሹክታ።